ዘማቹ ሲሄድ እርሻው ላይ የቀረችው

ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ በምዕራብ ሐረርጌ ጨርጨር ተራሮች የማሽላ ዘር ወቅት ነበር። የበልጉ ዝናብ አፈሩን አለስልሶ፣ ገበሬው ሜዳውን በበሬ አርሶ፣ ተዳፋቱን በዶንጎራ ቆፍሮ ዘሩን ለመሬት የሚሰጥበት ጊዜ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከመላ አገሪቱ የገበሬ ማኅበራት የተመለመሉ ሰዎች በመኪና እየተጫኑ ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገቡ። በጥቂት ወራት ውስጥ 300 ሺህ ይደርሳል የተባለ ሚሊሺያ ተሰናዳ። ሰው ሲዘምት ዘሩ መሬት ውስጥ ቀርቷል። ማሽላ ደግሞ ዘማች እስኪመለስ አይጠብቅም።

ያንን ማሽላ ማን ኮተኮተው? ማን ከወፍ ጠበቀው? ማንስ አጨደው? ስለ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ጦርነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ታንኩ፣ ስለ አየር ኃይሉ ጀግኖች፣ ስለ ኩባ ወታደሮች፣ ስለ ካራማራ። ስለዚያ ዓመት ማሽላ ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ሐረርጌ ያንን ክረምት እንዴት እንዳለፈው መረዳት የሚፈልግ ሰው መነሳት ያለበት ከማሳው ይመስለኛል።

የሐረርጌ ደጋና ወይና ደጋ ማሽላ ቶሎ የሚደርስ እህል አይደለም። ሚያዝያና ግንቦት የተዘራው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል። ሰባትና ስምንት ወር መሬት ላይ ይቆማል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥራ አያልቅም። ቡቃያው ከፍ ሲል ሽልሻሎ አለ፤ ቀጥሎ ኩትኳቶውና አረሙ ይመጣል፤ የበዛው ቡቃያ ተነቅሎ ለከብት ይሰጣል። እሸቱ ማፍራት ሲጀምር ማማ ላይ ወጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ወፍ መከላከል አለ። ከዚያ አጨዳው፣ አውድማው፣ ውቂያው፤ በመጨረሻም እህሉን ሐረርጌ በሚታወቅበት የመሬት ውስጥ ጉድጓድ መክተት።

የዚያን ዓመት ጦርነት ከዚህ የማሽላ ወቅት ጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱት። በሐምሌ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ድንበር ተሻግሮ ሲገባ ማሳው ለኩትኳቶ ደርሶ ነበር። በነሐሴ ድሬዳዋ ላይ ከባድ ውጊያ ሲካሄድ አረሙ ሁለተኛ ዙሩ ላይ ነው። በመስከረም መጀመሪያ ጅጅጋ ስትያዝ እሸቱ ወፍ መጥራት ይጀምራል። በኅዳር ውጊያው ሐረር ከተማ ዳር ሲደርስ የአጨዳው ጊዜ ነው። ካራማራ ላይ ድል ተገኝቶ ጅጅጋ በየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ስትመለስ እህሉ ጉድጓድ ገብቶ፣ ከፊሉም ተበልቶ፣ ሴቲቱ ለመጪው ዘር የምታስቀረውን እየለየች ነበር። ጦርነቱ የወሰደው ጊዜ አንድ የማሽላ ወቅት ያህል ነው፤ ያንን ወቅት ከዳር እስከ ዳር የተሸከሙት ደግሞ ቤት የቀሩት ናቸው።

ሽልሻሎና እርሻ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል የወንድ ሥራ ተብለው የተለዩ ናቸው። ሴት ሞፈር ብትይዝ ነውር ነው የሚል ልማድ አለ። ኩትኳቶው፣ አረሙ፣ ወፍ ጥበቃው፣ አጨዳውና እህል መሸከሙ ግን ከጥንት ጀምሮ ሴቶችም ያሉበት ሥራ ነው። ስለዚህ ባል ወይም ልጅ ሲዘምት በሴቲቱ ላይ የወደቀው ፈጽሞ የማታውቀው ሥራ አልነበረም። የወደቀባት የሁለት ሰው ሥራ ነው። በዚያ ላይ ውሃው፣ እንጨቱ፣ ከብቱ፣ ሕፃኑና ገበያው እንደነበሩ ናቸው።

በሐረርጌ ገጠር ሰው ጎረቤቱን ለሥራ የሚጠራበት ጉዛ የሚባል ወግ አለ። ጠሪው ቤት ምግቡን፣ ሆጃ የሚባለውን መጠጥና ጫቱን ያሰናዳል፤ የተጠሩት ጉልበታቸውን ይሰጣሉ፤ ነገ በተራቸው ይጠራሉ። መልካም ወግ ነው። ሆኖም ጉልበት የሚመልስ ወንድ በቤቷ የሌላት፣ ጉድጓዷም የተራቆተባት ሴት ጉዛ ለመጥራት ምን አላት? መንግሥት ይህን ክፍተት የገበሬ ማኅበራት የዘማች ቤተሰብን ማሳ በጋራ እንዲያርሱ በማዘዝ ሊሞላ ሞክሯል። ትእዛዙ ተገቢ ነበር። ግን የማኅበሩ አባላትም የራሳቸው ማሳ አላቸው፤ ዝናቡም ለሁሉም የሚመጣው በአንድ ቀን ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የዘማች ማሳ ተራው መጨረሻ ላይ እንደሚውል ገጠር የኖረ ሰው አይስተውም። ሰብል ደግሞ ሳምንት ሲዘገይ ምርቱ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ሊዘለል የማይገባው ነገር አለ። የምዕራብ ሐረርጌ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን አልዘመተም። ወደ ሚሊሺያው የሄደ አለ፤ ወደ ጫካ የገባም አለ። ቆላው የሽምቅ ውጊያ ቀጣና ሆኖ ነበር። ልጇ በየትኛውም ወገን ይሰለፍ፣ በማሳዋ ላይ የቀረው ሥራ ያው ነው። የፖለቲካ ታሪክ ሁለቱን እናቶች ይለያያቸው ይሆናል፤ አረሙ ግን አልለያቸውም።

ከገጠሩ ወደ ከተማው እንውጣ። አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል በስተምሥራቅ ትገኛለች። በዚያን ጊዜ የጨርጨር፣ አዳልና ጋራ ጉራቻ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ጎረቤቷ ገለምሶ ደግሞ የሐብሮ አውራጃ። የባቡሩ ሐዲድ በቆላው በሚኤሶ በኩል ያልፋል። የመኪናው መንገድ ግን ከሚኤሶ ወደ አሰበ ተፈሪ ይወጣና ተራራ ለተራራ በሂርና አድርጎ ወደ ቁልቢ፣ ከዚያም ወደ ድሬዳዋና ሐረር ይዘልቃል። በ1969 ክረምት መግቢያ የባቡሩ ድልድዮች በፈንጂ ሲመቱ ባቡሩ ለወራት ቆመ። ከመሀል አገር በምድር ወደ ምሥራቅ የሚጓዘው ሰውና ስንቅ የቀረለት ይህ የተራራ መንገድ ነው። ትናንት ጫትና ቡና የሚጫንባቸው ትንንሽ ከተሞች የአንድ ግንባር ደጀን ሆኑ።

ደጀን ማለት በየቀኑ የሚበላ ሰው ማለት ነው። በየመንገዱ ዳር ከተማ እንጀራ የሚጋገረው፣ ሻይ የሚፈላው፣ አልጋ የሚነጠፈው፣ ልብስ የሚታጠበው በማን እጅ እንደሆነ ማንም ያውቃል። በዚያ ላይ በቀበሌ በኩል የሚመጣው የደረቅ ስንቅ ግዴታ ነበር። ከአዲስ አበባ ጀምሮ በየከተማው ሴቶች በቡድን እየተመደቡ ገብስ ቆሉ፣ በሶ ፈጩ፣ ዳቦ ቆሎ ጠበሱ፣ ጭኮ አሹ፣ ድርቆሽ አደረቁ። ይህ ሥራ ደመወዝ የለውም። የሚቆጠረው በኩንታል ነው፤ በሰው ስም አይደለም። ሪፖርቱ ላይ «ከቀበሌው ይህን ያህል ስንቅ ተላከ» ይባላል። ያ ኩንታል ስንት ሌሊት እንደፈጀ፣ ስንት ሸክም እንጨት እንደነደደበት የሚናገር መዝገብ የለም።

ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። የኢትዮጵያ ጦር ራሱን የቻለ የስንቅና የትጥቅ ክፍል ከማቋቋሙ በፊት ስንቅ ማለት ሴት ነበረች። በዓድዋ ዘመቻ ወፍጮና ምጣድ ተሸክመው ከወታደሩ ኋላ የዘመቱት ሴቶች ቁጥር በሺዎች ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጠላት ምሽግ የሚጠጣበትን ምንጭ ማስያዛቸው በክብር ይወሳል፤ መወሳትም አለበት። የእቴጌይቱ ስም ከነክብሩ ደርሶናል፤ እልፍ እንስራ የተሸከሙት ግን ስማቸው ቀርቷል። በዚህ ረገድ በዓድዋና በካራማራ መካከል ባሉት 82 ዓመታት የተለወጠው እጅግ ትንሽ ነው። እንስራው በጀሪካን፣ በቅሎው በመኪና ተተካ።

በእነዚህ ዓመታት መካከል ጨርጨር ያየችው ሌላ ጦርነት አለ። አሰበ ተፈሪን በ1910ዎቹ አጋማሽ እንደ ዘመናዊ ከተማ በፕላን ያስቆረቋት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሩሲያ የተማሩ፣ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር የጻፉ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ፋሺስት ኢጣሊያ ስትመጣ በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የተከራከሩትም እሳቸው ነበሩ። ክርክሩ አገሪቱን አላዳናትም። በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በእቴጌ መነንና በልዕልት ፀሐይ ዙሪያ የተሰባሰቡ ሴቶች ለቁስለኛ ፋሻ ሲያዘጋጁ፣ ለወታደር ልብስ ሲሰፉ ቆዩ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው የተሳፈሩበት ባቡር በሚኤሶ አልፎ ወደ ጅቡቲ ወረደ። በሳምንት ውስጥ ሐረርና ድሬዳዋ ተያዙ።

ልዕልት ፀሐይ በስደት እንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ ተምረው በለንደኑ የሕፃናት ሆስፒታል ሠሩ። የንጉሥ ልጅ ቁስል ማጠብን ደመወዝና ማዕረግ ያለው ሙያ ብላ መያዟ በዚያን ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ቢመለሱም በ1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት በለቀምት አረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። ከጦርነት ውስጥ ለኢትዮጵያውያት የወጣ አንድ በጎ ነገር ቢኖር ነርስነት ነው። ከዚያ በፊት የቁስለኛ አስታማሚ እንጂ ባለሙያ የሚባል ሴት አልነበረችም።

ኢጣሊያኖች አሰበ ተፈሪን «አስባ ሊቶሪያ» ብለው ሰየሟት። የጨርጨርን ለም መሬት ደግሞ ከደቡብ ኢጣሊያ ከፑልያ ለሚመጡ ገበሬዎች መስፈሪያ መደቡት፤ «ፑልያ ዲቲዮፒያ» ተባለ። ቡናና ማሽላ የበቀለበት የሰው መሬት ለባዕድ ሰፋሪ ሲሸነሸን የሴቶቹም ሥራ አብሮ ተለወጠ። የወታደሩና የመንገድ ሠራተኛው ብዛት በየከተማው የጠላ ቤት፣ የምግብ ቤት፣ የልብስ አጠባ ገበያ ይፈጥራል፤ በወራሪ ዘመን የጦር ሰፈር በቆመበት ሁሉ የታየ ነው። በ1929 ዓ.ም. የወጣው የፋሺስት ሕግ አንድ ኢጣሊያዊ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እስር ፈረደበት። እንጀራ ብትጋግርለት፣ ልብሱን ብታጥብለት፣ ቤቱን ብትጠርግለት ግን ወንጀል የለበትም። ሥራዋን ፈልጎ ሰውነቷን የናቀ ሕግ ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ውርደት ያለበት የሥራ ሕግ በታሪካችን አላውቅም።

በዚያው ዘመን ሌሎች ሴቶች የመረጡት ሥራ ጠመንጃና ምስጢር ነበር። ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ሲገደሉ ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ጦሩን ይዘው ቀጠሉ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኛው ጥይትና መድኃኒት ሲያቀብሉ ተይዘው በኢጣሊያ አዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ተመልሰውም ተዋጉ። ሰንዱ ገብሩ አውሮፓ ተምረው የመጡ ሴት ነበሩ፤ ከአርበኞች ጋር ቁስለኛ ረድተው፣ ተማርከው ኢጣሊያ ታሰሩ። በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ቀጥሎም በምርጫ የመጀመሪያዋ የፓርላማ ሴት ሆኑ። የእነዚህ ሴቶች ስም ሊቆይ የቻለው ወይ ከትልቅ ቤት ስለተወለዱ ወይ ስለተማሩ መሆኑን ልብ እንበል። በጨርጨር ጫካ ለአርበኛ ስንቅ ያመላለሰች የገበሬ ሚስት እንዲህ ያለ ዕድል አልነበራትም።

በሌላው ዓለም ጦርነት ሴቶችን ከቤት ወደ ፋብሪካ አወጣ ይባላል። በከፊል እውነት ነው። እንግሊዝ በ1934 ዓ.ም. ባላገቡ ወጣት ሴቶች ላይ ሳይቀር የአገልግሎት ግዴታ ጥላ ነበር። ግን እዚያም ቢሆን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓርላማው ፋብሪካዎች ወደ ቀድሞው የሥራ ደንብ እንዲመለሱ የሚያስገድድ ሕግ አውጥቶ ብዙ ሴቶችን ከማሽኑ አስነሥቷል። እኛ ዘንድ ከማሽን የምትነሣ ሴት አልነበረችም። ምዕራብ ሐረርጌ የጥይት ፋብሪካም የአውሮፕላን ፋብሪካም የላትም። ጦርነቱ የመጣው ወፍጮው፣ ማሳውና ገበያው ድረስ ነው። ሲያልቅም ሴቲቱን ከሥራዋ የሚያሰናብታት ሕግ አላስፈለገም፤ ሥራው እላይዋ ላይ ቀረ።

ሕጉ በሌላ በኩል ምን ይላት ነበር? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ አለቃ ባል ነው ይል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ግን ጾታ ሳይለይ በራሱ ጉልበት ማረስ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። ይኸው አዋጅ በእርሻ ላይ ቅጥር ሠራተኛ ማሠራትን ሲከለክል ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው አወጣት። ባለይዞታው ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሲያረጅም ሚስቱን ወይም ባሏን፣ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችንም እንዲሁ። ከሁለት ዓመት ትንሽ ቆይቶ የመጣው ጦርነት መበለት እንደሚያበዛ ያወቀ ይመስላል። በወረቀት ላይ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። በተግባር ግን የገበሬ ማኅበሩ አባል ሆኖ የሚመዘገበው የቤቱ አባወራ ነበር። አባወራው ግንባር ላይ እያለ ማሳውን የያዘችው ሴት በስብሰባው ላይ ድምፅ ለመስጠት መበለት እስክትሆን መጠበቅ ነበረባት ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

የጦርነቱ አቧራ ሲረግብ መንግሥት በ1972 ዓ.ም. አብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርን፣ በአጭሩ አኢሴማን፣ አቋቋመ። ማኅበሩ ሴቶችን በየቀበሌው አደራጀ፤ ለሠራዊቱ ስንቅ ማሰናዳትም ከተግባሮቹ አንዱ ሆነ። ለእኔ የሚበልጠው ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ፊደል ያስቆጠረ ዘመቻ ነበር፤ ብዙ የሐረርጌ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን የጻፈችው ያኔ ነው። ከዚያ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ መጣ። ከማሳው የሚነሣው አሁን ባል ብቻ ሳይሆን ገና አሥራ ስምንት የሞላው ልጅ ሆነ። የሰሜኑ ጦርነት እስኪያበቃ ድረስ የጨርጨር እናት የማሽላውን ወቅት ደጋግማ ብቻዋን ወጣችው።

ዛሬ በሂርና፣ በበዴሳ ወይም በጭሮ ገበያ የሚቆም ሰው ጫቱን ዙርባ እያሰረች፣ ዋጋ እየቆረጠች፣ ከሾፌር ጋር እየተደራደረች የምትሠራውን ሴት ያያል። የሐረር ቡና ከሚመረትባቸው ከእነገለምሶና መቻራ የሚወጣው ጀንፈል ድሬዳዋ ደርሶ ሲፈለፈል መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ፍሬ በፍሬ የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ ጨርቅና ስኳር በየጣቢያው የሚያመላልሱትም አብዛኞቹ እነሱ ነበሩ። ይህን ሁሉ ጦርነት ፈጠረው ማለት ስሕተት ነው፤ የሐረርጌ ሴት ከጦርነቱ በፊትም ነጋዴ ነበረች። ጦርነቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ከጎኗ ያለውን ሰው ወስዶ ንግዱን የቤቱ ምሰሶ ማድረጉ ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሳው ግጭት በሚኤሶ፣ በሀዊ ጉዲናና በዳሮ ለቡ ሰው ሞተ፤ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ከብቱ ሲዘረፍ ወተቱ ይቆማል፤ በቆላው ደግሞ የወተቱ ገንዘብ የሴቲቱ ነው። መጠለያ ውስጥ ልጅ አዝላ እንጨት የምትሸጥ፣ በሰው ቤት ልብስ የምታጥብ፣ በጀሪካን ውሃ የምታመላልስ ሴት ከ1970ዋ እናት ጋር ብዙ የምትጋራው ነገር አላት። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በመላ አገሪቱ ከተሞች ለሠራዊቱ ስንቅ ገብሱ እንደገና ተቆላ፣ በሶው እንደገና ተፈጨ።

ሕጉ ከዚያ ወዲህ ብዙ ርቀት ሄዷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ለሴቶች እኩል መብት ደነገገ። የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅም ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ይዞታ በሁለቱም ስም እንዲረጋገጥ አዟል። ሚስት ስሟ በይዞታ ደብተሩ ላይ ከሰፈረ ባሏ ቢዘምት፣ ቢሞት ወይም ቢጠፋ ማሳውን የሚነጥቃት የባል ዘመድ ቢያንስ ወረቀት ይገጥመዋል። ይህ ደብተር ከብዙ የጀግና ሐውልት ይልቅ ለዘማች ሚስት ይጠቅማታል ባይ ነኝ።

የቀረን ሥራ ግን አለ፤ ጊዜውም አጭር ነው። በ1970 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረች ሴት ዛሬ ወደ ሰባ ተጠግታለች። በኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያው ጭሮ ላይ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልጉ ተማሪዎች አሉ። መቅጃ ስልክ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ አለ። መምህራኑ ተማሪዎቻቸውን ወደ ሂርና፣ ወደ ኩኒ፣ ወደ ገለምሶና ወደ አሰቦት ይላኳቸው፤ በኦሮምኛም በአማርኛም የእነዚህን እናቶች ቃል ይቅረጹ። እናንተም በቤታችሁ እናት፣ አክስት ወይም አያት ካለቻችሁ በዚህ ሳምንት ጠይቋት፦ ያ ክረምት ሲመጣ ማሳሽን ማን አረመልሽ? ስንቁን ስንት ሌሊት አሰናዳሽ? መልሷን ከነስሟና ከነቀበሌዋ ጻፉት።